የናዝራዊው ጸጉር

የእኛ ከተማ ክርስቶስ፣ ናዝራዊው የምንለው ምስል፣ ጸጉሩ የሰው ነው። አካሉ እንጨት ነው፣ ዓይኑ ብርጭቆ ነው፤ መስቀል ተሸክሞ ባጎነበሰው ትከሻው ላይ የሚወርደው ጸጉር ግን ከሴት ራስ የተቆረጠ ነው። በከተማችን በሳን ሎሬንሶ ይህ ማንንም አያስደንቅም። የፊተኛውን ብል ሲበላው አንዲት ሴት የራሷን ትሰጣለች። ስሟ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ይጠራል፤ በስቅለት ዕለትም ሻማ ይዛ ከናዝራዊው ፊት ፊት ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ "ጸጉሯን የሰጠችው" እየተባለች ትኖራለች። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይለቀቅላታል። ከሰው ብትጣላ እንኳ ጥፋቱ የሌላው ነው።

የአክስቴ የፊሎሜና ጸጉር ግን የኔ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲያንቀላፋ እኔ ከእሷ ጎን እተኛለሁ፤ ጉንጉኗን በእጄ ካልያዝኩ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም። ጸጉሯ ጥቁር ነው፤ ከግራ ጆሮዋ ሥር ብቻ አንድ ዘለላ የመዳብ መልክ ነበረው። እናቴ "እዚህ ጋ ፀሐይ ልሷታል" ትል ነበር። ፊሎሜና የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ልብስ እየሰፋች ታድራለች። እጮኛዋ ሮሴንዶ የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኛ ነበር። ሲመጣ የዘይቱን ፍሬ በኪሱ አጭቆ ያመጣልኛል፤ ከዚያ ጉንጉኗን በጣቱ ይመዝናል።

"በዚህ ገመድ ነው አንድ ቀን ከጉድጓድ የምወጣው፣ ኢነሲታ" ይለኛል፣ ኢነስ የሚለውን ስሜን አቆላምጦ።

"እጅህን ታጥበሃል?" ትለዋለች እሷ።

በጾሙ አጋማሽ ጉድጓዱ ተደረመሰ። እኔ የማስታውሰው የማዕድኑን የአደጋ ፉጨትና የሴቶቹን ሩጫ ነው። ስድስት ሰው ታች ቀርቷል፤ አንዱ ሮሴንዶ ነው። ወንዶቹ አፈር ሲዝቁ ሴቶቹ ናዝራዊው ፊት ተንበርክከው ይሳሉ ጀመር። ስለት በእኛ ዘንድ ጮክ ተብሎ ነው የሚገባው፤ እግዚአብሔር ይሰማል፣ ጎረቤት ደግሞ ይመሰክራል። አንዷ ዐሣማዋን ሰጠች። አንዷ ከድልድዩ ጀምሮ እስከ መንበሩ በጉልበቷ ልትሄድ ማለች። እያንዳንዱ ስለት በተነገረ ቁጥር "አሜን" ይባላል፤ አንዳንዱ አሜን ከሌላው ይረዝማል፣ እንደ ስለቱ ክብደት። እኔ የአክስቴን ተራ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ወይዘሮዋ ዶኛ ካስታ ወደ አክስቴ ዞር አለች። የናዝራዊውን ልብስ የምታጥበውና የምታለብሰው እሷ ናት፤ የጨርቅ መደብሩም የእሷ ነው። አጠገቧ ልጇ አምፓሮ ጥቁር ዳንቴል ተከናንባ ተንበርክካለች፤ ገና በዚያ ሳምንት ነበር ከትልቁ ከተማ ከጓናሁዋቶ የተመለሰችው።

"አንቺስ ፊሎሜና? እጮኛሽ አይደል እንዴ ከታች ያለው?"

"ነው፣ ዶኛ ካስታ።"

"ታዲያ ምነው አፍሽ ተለጎመ?"

"እየጸለይኩ ነው።"

"መጸለይማ ሁላችንም እንጸልያለን። ምን ትሰጪያለሽ ነው የምልሽ።"

አክስቴ አንገቷን ደፋች። ምንም አልተናገረችም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ድሮስ የሰፊ እጅ፤ ከክር ሌላ ምን ይወጣዋል" ስትል ሰማሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው በአፍንጫው ሳቀ። እኔ በአፍረት ጆሮዬ ጋለ። "አሻንጉሊቴን ስጪ፣ እኔ ፈቅጃለሁ" ብዬ ሹክ አልኳት። እጄን ጨመቅ አድርጋ መልሳ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ሮሴንዶን አትወደውም ብዬ ደመደምኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም የደመደምኩት።

ሮሴንዶ ወጣ። ከስድስቱ ሁለት በሕይወት ወጡ፤ አንዱ እሱ ነበር፣ እግሩ ተሰባብሮ። ወደ ጓናሁዋቶ ሆስፒታል ወሰዱት። አክስቴ ዜናውን ስትሰማ ቤት ውስጥ ነበረች፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ መቀሷን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያም ከቤት ወጣ ብላ ተመለሰች። እናቴ "ድንጋይ" አለቻት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋደም አልን። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ነበር፤ ራሴን አሞኛል ብላለች። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ። ጉንጉኑ የለም። አንገቷን አገኘሁ። ሻሹን ስስበው ተንሸራቶ ወረደ፤ የማውቃት አክስቴ ሄዳ በቦታዋ የተሸለተ በግ ተኝቶ አየሁ። እዚህም እዚያም በመቀስ የተከረከመ፣ ከላይ እስከ ታች የራስ ቅሏ የሚታይ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ደንግጬ የማላውቀውን ያህል ነው የደነገጥኩት።

"ዝም በይ፣ የኔ ልጅ" አለች፤ ሻሹን መለሰች።

"ማነው የወሰደብሽ?"

"ማንም አልወሰደብኝም።"

"ታዲያ የት አለ?"

"ደህና ቦታ ነው ያለው። ሌባ የማያገኘው፣ ብል የማይበላው።"

"አሳዪኝ።"

"አይቻልም። ለእናትሽም እንዳትነግሪ። ከተነገረ ያልቃል።"

ጾሙ በገባበት በአመድ ረቡዕ ቄሱ ያነበቡትን ወንጌል እኔም ሰምቼው ነበር፤ ሰው እንዲያያቸው ስለሚጾሙትና ስለሚመጸውቱት፣ "እውነት እላችኋለሁ፣ ዋጋቸውን ተቀብለዋል" የሚለውን። የገባኝ ግን የማዕድን ሠራተኞች ቅዳሜ ከሰዓት የሚቆሙበት የደመወዝ መስኮት ነበር። አክስቴ የዚያኑ ወንጌል ቀጣይ ቃል፣ ሌባና ብል የማይደርሱበትን የሰማይ መዝገብ፣ እየነገረችኝ እንደሆነ አላወቅኩም። በስምንት ዓመት አእምሮ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ሌባ ጸጉሯን ቆርጦ ወስዷል፣ ብትናገሪ እጨርስሻለሁ ብሏታል። እኔም በፍርሃት ዝም አልኩ።

የስቅለት ዕለት ሰዉ አደባባዩን ሞልቶ ቆመ። ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ዶኛ ካስታ ደረጃው ላይ ወጣች።

"ዘንድሮ ስም አልጠራም" አለች። "ጸጉሩን ናዝራዊው እግር ሥር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት። ሰጪዋ እንድትታወቅ አልፈለገችም። ትሕትናዋን እናክብርላት።"

ይህን ብላ ወደ ልጇ ጎንበስ አለችና ዳንቴሉን አስተካከለችላት። እያስተካከለች ወደ ኋላ አንሸራተተችው። የአምፓሮ ጸጉር ከጆሮዋ ላይ ተቆርጧል። አምፓሮ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በአደባባዩ አንድ ሹክሹክታ ዞረ፤ አጠገባችን የቆመችው አሮጊት ዕንባዋን ጠረገች።

"አያችሁልኝ? ሰጥታም ትደብቃለች። እንዲህ ያለ ልብ ማን ዘንድ ይገኛል?"

አምፓሮ የተቆረጠችው ጓናሁዋቶ ውስጥ ጸጉር ቤት፣ ወረት ስለነበር ነው። ይህን እናቷ ታውቃለች፣ እሷም ታውቃለች። ስም ተጠርቶ ቢሆን ሰዉ አንድ ጊዜ ያመሰግናታል፤ ስሙ ሲደበቅ ግን ሁለት ጊዜ አመሰገናት፣ አንዴ ለጸጉሯ፣ አንዴ ለትሕትናዋ። ሁለቱም የእሷ አልነበሩም።

ከዚያ ናዝራዊው ወጣ። በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ ወረደ፤ አዲሱ ጸጉሩ እስከ ወገቡ ይደርሳል። ፊት ለፊታችን ሲደርስ ነፋስ መጣና ገለበጠው። ከእንጨቱ ጆሮ ሥር ያ የመዳብ ዘለላ ወጥቶ አየሁት። ስንት ከሰዓት በጣቴ የጠቀለልኩትን ዘለላ እንዴት አላውቀውም? አክስቴን ክርስቶስ ለብሷት ቆሟል። "ያንቺ..." ብዬ ስጀምር የአክስቴ መዳፍ አፌን ከደነው። ወደ ላይ አየኋት። ዓይኗ ምስሉ ላይ ነው፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ያን ጊዜ ፍርሃት ብዬ ተረጎምኩት። ዛሬ ያን ፊት ሙሽሮች ላይ አይቼው አውቃለሁ።

ሌባዋ ታወቀች። ዶኛ ካስታ ናት። ከተማውን በግማሽ የምታዝ ሴትዮ ስለሆነች ነው አክስቴ የምትፈራት። የኔ ምርመራ ውጤት ይህ ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ አክስቴ የበቆሎውን ባልዲ ስታነሳ ሻሿ ወደቀ። ወፍጮው ይጮሃል፤ ሴቶቹ ግን አንድ ላይ ዝም አሉ። የኛ አገር ሰው የተሸለተች ሴት ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰው ባል ጋር ተይዛለች፣ ሚስትየዋም በመቀስ ቀጥታታለች። አክስቴ በጾሙ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪው ቤት መጋረጃ ስትሰፋ ሰንብታ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፔትራ ደግሞ ከዓመታት በፊት የአንዲት ሠራተኛዋን ጸጉር ቆርጣ ታውቃለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ፔትራ እኔ አልቆረጥኳትም ብላ ብትምል ብትገዘት "አዎ፣ ባሏን ልታድን ነው" አሉ።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘጋችው።

"ማነው የቆረጠሽ?"

"እኔው ነኝ።"

"ለምን?"

"ከበደኝ።"

"ፊሎሜና፣ ሰው እየሳቀብን ነው። ልጄን ነገ ማን ያገባታል? አንዲት ቃል ተናገሪ፣ እኔ ለከተማው አዳርሳታለሁ።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለች አክስቴ፤ እናቴ በጥፊ አለቻት። ጥፊው የሚገባው ለዶኛ ካስታ ነበርና እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሮሴንዶ በክራንች ተደግፎ የመጣው በሳምንቱ ነው። ወሬው መንገድ ላይ ቀድሞ አግኝቶታል። እኔ ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር፤ የሚታየኝ አንድ ጫማና ሁለት የእንጨት ጫፍ ነው።

"ሻሹን አውልቂው" አላት። አወለቀችው። ትንፋሹ ሲቆረጥ ሰማሁ።

"ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። ምንም ብትይኝ አምንሻለሁ።"

ከታች ሆኜ እግሯን አየዋለሁ። የእግር ጣቶቿ ምንጣፉን ቆንጥጠው ይዘውታል።

"አልችልም" አለች።

"ታች እያለሁ ውሃ ሲያልቅብን ያንቺን ስም ነው የጠራሁት። ስወጣ ምን አሉኝ? ሌሎቹ ሁሉ ሲሳሉ ፊሎሜና አንዲት ነገር አልሰጠችም አሉኝ። እውነት ነው?"

"የሰሙትን ነው የነገሩህ።"

ክራንቹ ዞረ። እየራቀ ሲሄድ ድንጋዩ ላይ ሲያንኳኳ ለረጅም ጊዜ ተሰማን። ያኔ ነበር መናገር፤ እኔ ግን ዶኛ ካስታ መቀስ ይዛ በሩ ኋላ የቆመች መስሎኝ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ።

የቀረውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ሮሴንዶ በአምፓሮ ጸጉር የዳነ መስሎት ሊያመሰግን ዶኛ ካስታ ቤት ሄደ። አንዴ ሄደ፣ ደግሞ ሄደ። ለሙታን መታሰቢያ በዓል ማግስት ከአምፓሮ ጋር ሠርጉ ተቆረጠ። የሙሽራዋን ልብስ ማን ሰፋው? በከተማው ከአክስቴ የተሻለ ሰፊ አልነበረም፤ ዶኛ ካስታም ጨርቁን በሠራተኛ ላከችው። እናቴ "መልሺው፣ እሳት ውስጥ ጨምሪው" አለች። አክስቴ ግን ጨርቁን ዘርግታ በኖራ ታሰምር ጀመር። በሠርጉ ጠዋት ዓይነ ርግቡን በአምፓሮ አጭር ጸጉር ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዘችው እሷ ናት፤ ቁልፎቹን የያዝኩላት እኔ። አምፓሮ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ከአክስቴ ራስ ላይ አልነቀለችም። ሙሽራ ትፈዛለች ብዬ አለፍኩት። አጠገቧ የቆመችውን ባለ አጭር ጸጉር ሴት ስታይ ነገሩ እንደገባት የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ድግሱ ላይ ሮሴንዶ ብርጭቆውን አነሳ። "ወዳጆቼ፣ እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ" አለ። "ናዝራዊው ከጉድጓድ ያወጣኝ ይህች ሴት ጸጉሯን ስለሰጠችኝ ነው። ሰጠሁ የሚል ቃል ግን ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም።" ሰዉ አጨበጨበ። አክስቴም አጨበጨበች። ከሌሎቹ ጋር እኩል ጀምራ እኩል አቆመች።

እኔ አሁንም ዶኛ ካስታ መጀመሪያ ጸጉሯን፣ ቀጥሎ እጮኛዋን የሰረቀች መስሎኝ ነበር። ልጅ ሌባን ያውቃል። በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ሰው ደጅ አስቀምጦ የሚሮጥን ሰው ግን ከየት ያውቃል? ነገሩ የበራልኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አብሬያት እጅጌ እየሰፋሁ ሳለ ነው። መርፌው ጣቴ ላይ ገባ። "አክስቴ፣ ለሮሴንዶ ነበር" አልኳት። "ስፌትሽን እይ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባነሳባት ቁጥር የሰጠችኝ መልስ ይኸው ነበር።

አላገባችም። ሰው ቀስ በቀስ ረሳላት፤ ወይም ይቅር አላት፤ ሁለቱም ያናድደኛል። በየስቅለቱ ናዝራዊው በአክስቴ ጸጉር ሲወጣ አምፓሮ ሻማ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ አክስቴ ከሰዉ መሐል ቆማ ታያለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ጥርሴን አፋጫለሁ።

አምፓሮ ባለፈው የገና ሰሞን ሞተች። ሮሴንዶ ከለቅሶው ከተነሳ በኋላ አንድ ከሰዓት እኔና አክስቴ በራችን ላይ ወንበር አውጥተን እየሰፋን ሳለን ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

"እንዴት ዋልሽ፣ ፊሎሜና?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶን ሮሴንዶ። ጥላው ውስጥ ይግቡ።" ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የምትለው።

አልተቀመጠም። "አምፓሮ ከመሞቷ በፊት ነገረችኝ" አለ። "ጸጉሩ የሷ አልነበረም። አንድም ቀን የኔ ነው አላልኩም፣ የኔ አይደለምም አላልኩም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሳመሰግን ኖሬአለሁ።"

"ሚስትዎን ማመስገን ምን ጥፋት አለው?"

"ያን ጊዜ ጸጉርሽ ተቆርጦ ነበር።"

"ተቆርጦ ነበር።"

"አንቺ ነሽ?"

እጄ ላይ የነበረው ቀሚስ መሬት ወደቀ። ይቺን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያታለሁ። በይ፣ በይ እንጂ፣ አልኩ በሆዴ። አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ቅማል ነበረብኝ" አለች።

"ምን?"

"ቅማል። ሰፊ የሰው ቤት ሲዞር የማይጋባበት የለም። ቢያበጥሩት እምቢ አለ፤ ቆርጬ ጣልኩት። ይህን ለእጮኛዬ ልንገረው? አፈርኩ።"

ሮሴንዶ አፉ ተከፍቶ ቆመ። እኔም እንደሱ። ፊቱ መጀመሪያ ሊስቅ ከጀለው፤ ከዚያ ተጨማደደ፣ ዕንባውም በጢሙ ላይ ወረደ።

"ቅማል ነው ብትይኝ ኖሮ እኮ አገባሽ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ታዲያ ማን ናት ያዳነችኝ?"

"ያዳነዎትማ ያው እዚያ ነው፣ በሩ ክፍት ነው" ብላ በአገጯ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየችው። "ሄደው ያመስግኑት።"

ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። እኔ ጥግ እስኪታጠፍ አልጠበቅኩም።

"ዋሸሽ!"

"ዋሸሁ። ቅዳሜ እናዘዛለሁ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ? አምፓሮ ሞታለች፣ ዶኛ ካስታ ሞታለች። ሰውየው አንድ እግሩ መቃብር ነው። ብትነግሪው ማን ይጎዳል?"

"ኢነስ፣ ያን ቀን ናዝራዊውን እንዲህ አልኩት፦ እሱን ስጠኝ፣ ዋጋውን ካንተ በቀር ከማንም አልቀበልም። እሱ ቃሉን ጠበቀ። ጥፊም አልፏል፣ ሠርጉም አልፏል። አሁን አንድ ሽማግሌ ደጄ ላይ ስላለቀሰ ያን ሁሉ አውጥቼ ለምስጋና ልለውጠው?"

ተናድጄ ነበር፤ ከቁጣዬ ሥር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት የኖርኩትን ሴት ገና ማየቴ መሆኑ አስደንግጦኛል። ቀሚሱን ከመሬት አነሳሁ። እሷ መርፌዋንና ክሩን ወደ እኔ ዘረጋች።

"እስቲ አስገቢልኝ" አለች። "አልታይ አለኝ።"

ጠዋት ግን ክሩን በዚያው መርፌ ያስገባችው ራሷ ነበረች፣ ያለ መነጽር።